ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ሳጥኖች

አባቴን ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣኋቸው እናቴ ካረፈች ከዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ዜማ ያስተማሩበትን ጉባኤ ቤት ለበኩር ተማሪያቸው አስረክበው፣ እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው መጡ። ዕቃቸው አንድ ባና፣ አንድ መቋሚያና በቆዳ ማኅደር የገባ ድጓ ብቻ ነበር። ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ድጓውን ግን ጥለው መምጣት አልሆነላቸውም።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው። እኔ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ማዞሪያው ፊት እቀመጣለሁ፣ የአንዱን ገመድ ነቅዬ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ እሰካለሁ፣ ይኸው ነው ሥራዬ። አባቴ ሥራዬን አይወዱትም ነበር።

«ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ስታዳምጪ ትውያለሽ» ይሉኛል።

«አላዳምጥም አባባ፤ አገናኛለሁ።»

«ሳያዳምጡ ማገናኘት እንዴት ነው?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሥራ እወጣለሁ።

ቤቴ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። አባቴ አንኮበር ሳሉ ከሃያ ያላነሱ ተማሪዎች ዙሪያቸውን ተቀምጠው፣ ሁሉም በየፊናው የየራሱን ሲያዜም፣ እሳቸው ከመሃል ሆነው የትኛው እንደ ሳተ ያውቁ ነበር። እኔ ቤት ከመጡ በኋላ ግን ከጠዋት እስክመለስ ድረስ የሚሰሙት የበሩን ማጠፊያ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ምሳቸውን ታቀርብላቸዋለች፤ እሱን በልተው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ማታ ስገባ አንዲት ነገር ይጠይቁኛል፤ «ንፋሱ ዛሬ ከየት ነው?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ዝም። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ይኸው ዝምታ ነው። እኔም ሥራ ላይ ሆኜ እሳቸው ናቸው ሐሳቤ።

አንድ ትንሽ የትራንዚስተር ራዲዮ ነበረችኝ። ከፈትኩላቸው። ዜና የሚያነበውን ሰው ጥቂት አዳመጡና ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኼ ሰው ጉንፋን ይዞታል እንዴ? አፍንጫውን ይዞ ነውሳ የሚናገር።»

«ሰውየው ደኅና ነው፤ ራዲዮዋ ትንሽ ሆና ነው።»

«እንግዲያው ዝጊውና ይረፍ።»

ዘጋሁት። ድምፅን አጥርቶ ለመስማት ሲሉ ዕድሜያቸውን የፈጁን ሰው፣ ያንን የመሰለ የቆርቆሮ ድምፅ በግድ ስሙ ማለት እንደማይገባ ገባኝ። የሚያስፈልጋቸው ትልቅ ድምፅ ነበር። ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም።

የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። ከተማው ውስጥ ባለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበረ። ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ቤት እየመጣች አገሯ ካለችው እናቷ ጋር ትነጋገራለች። መስመሩ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ እስኪገኝ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌሎቹ ኦፕሬተሮች ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው «የለም» ይሏታል፤ እኔ እስኪገኝ እሞክራለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ እኔም ስለ አባቴ ነግሬያት ነበር። ውላቸው አልቆ ሊሄዱ ሲሉ በመኪና ቤቴ ድረስ መጣች። ሾፌሩ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ድምፅ ማጉያ ሳጥኖች ማውረድ ጀመረ።

«አንቺ ስልክ ለኔ እናት» አለች በምትችለው አማርኛ። «ይኼ ላንቺ አባት።»

ሳጥኖቹ ቁመታቸው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከፊት ለፊታቸው ጨርቅ ተወጥሮባቸዋል። አንደኛውን ሾፌሩና እኔ ተጋግዘን አወረድነው፤ ሌላኛውን እሱ ብቻውን አንጠልጥሎ አስገባው። የከባዱ ጀርባ ወንፊት በመሰለ ቆርቆሮ ተሸፍኖ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አምፖል የመሰሉ የብርጭቆ ቫልቮች ይታያሉ። ከሥሩ የመብራት ገመድ ከነስፒናው ወጥቷል። የቀላሉ ጀርባ ላይ ግን ከሁለት ብሎኖች በቀር ምንም የለም።

«ይኼኛው መብራት ይበላል» አለኝ ሾፌሩ ከባዱን እየነካ። «ያኛው ደግሞ ከዚህኛው ይበላል።»

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬም አልሰማሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። ቴክኒሻን አይደለሁም፤ ግን የስልክ ቤቱ ቴክኒሻን ማዞሪያውን ሲፈታና ሲገጥም ዓመታት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሱ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ ተውሼ መጣሁ። መጀመሪያ ከባዱን ብቻ ልሞክር አልኩ። ከራዲዮዋ ጋር የመጣች፣ ጆሮ ላይ የምትደረግ ትንሽ ማዳመጫ ነበረች፤ ገመዷን ቆረጥኩና ጫፏ ላይ ያለውን መሰኪያ አስቀረሁ። በሱ ላይ የስልክ ሽቦ ቀጠልኩበት፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ከሳጥኑ ኋላ «መግቢያ» ነው ብዬ የገመትኩት ቀዳዳ ውስጥ አስገባሁ። ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካሁ። ቤቱ እንዳይዝረከረክ ብዬ ትርፉን ሽቦ ከመብራቱ ገመድ ጋር አብሬ ጠቀለልኩት።

አባቴ መደቡ ላይ ሆነው በጆሯቸው ይከታተሉኛል። ራዲዮዋን ከፈትኩ፤ ሰውየው ይናገራል። መሰኪያውን ስከተው ጭጭ አለ። ሳጥኑን አበራሁ። ምንም የለም።

«ገደልሽው» አሉ አባቴ።

እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው። ሽቦውን ልነቅል እጄን ስሰድ የጋለ አቧራ ሸተተኝ። በወንፊቱ ቀዳዳ ሳይ ቫልቮቹ ቀይ ሆነዋል። ለካስ እስኪሞቁ ይቆያሉ። ከዚያ ሳጥኑ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ ወጣው፤ የእውነተኛ ሰው ድምፅ፣ ደረትና ሆድ ያለው። አባቴ ከመደቡ ቀና አሉ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም።

«ከሰውየው በታች አንድ የሚያንጎራጉር አለ» አሉ። «ትንፋሽ እንኳ አይወስድ። ማነው?»

አለ፤ እውነታቸውን ነው። እምምም የሚል፣ አንድ ድምፅ ይዞ የቆመ። እሱን የማውቀው ከመሥሪያ ቤቴ ነው። የስልክ መስመር ከመብራት መስመር ጎን ለጎን ሲሄድ እንዲሁ ያደርጋል። ለውበት ብዬ አብሬ የጠቀለልኩትን ሽቦ ፈታሁና ከመብራቱ ገመድ አራቅኩት። ቀነሰ፤ አልጠፋም።

ሰኞ ለቴክኒሻኑ ነገርኩት።

«ራቁቱን የሆነ ሽቦ ነዋ የሰጠሽው» አለኝ። «የሰማውን ሁሉ ይዞ ይገባል። መረብ የለበሰ ነው የሚያስፈልግ።»

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ አብሮኝ መጣ። ክንድ የሚያህል ውጪው በሽቦ መረብ የተሸፈነ ገመድና የቆርቆሮ መበየጃውን ይዟል። አባቴን «የኔታ፣ ይፍቱኝ» ብሎ ተሳለመና ቁጢጥ ብሎ መረቡን ከመሰኪያው የውጪ ብረት፣ የውስጡን ሽቦ ከጫፉ ጋር በየደው። ሳጥኑን አብርተን ስንጠብቅ ሰውየው ብቻውን መጣ፤ የሚያንጎራጉረው የለም።

«አሁን ወጣ» አሉ አባቴ።

አንድ ነገር ግን ቀራቸው። «ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉ። ቴክኒሻኑ ሳቀ። ራዲዮዋን እስከ መጨረሻው ከፍቼያት ነበር። «ትንሿ ስትጮኽ ትልቁም ጩኸቷን ነው የሚያጎላው» አለና የራዲዮዋን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሳጥኑን ከፍ አደረገው። የድምፁ መሰንጠቅ ቆመ። ሁለተኛውን ሳጥን ለመግጠም ብሎን አጥብቆ ማሰር ብቻ ስለሆነ ራሴ እንደማደርገው ነገርኩትና ሸኘሁት።

ረቡዕ ሥራዬ የግማሽ ቀን ነበር። ከከባዱ ሳጥን ጀርባ ወደ ቀላሉ ሁለት ሽቦ ወሰድኩ። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ብሎን ላይ እንደሚታሰር አላሰብኩበትም፤ በስልክ ሁለቱን ሽቦ ብታገላብጠው ሰው መነጋገሩን አይተውም። አሰርኩና ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አቆምኳቸው። አበራሁ።

ድምፁ ሰፋ፤ ግን ከሳ። የዜና አንባቢው ሆድ ጠፋ። ሰውየው የት እንደቆመ አይታወቅም፤ ከየጥጉ ይመጣል፣ ከየትም አይመጣም። ሁለተኛው ሳጥን ተበላሽቷል ብዬ ሽቦውን ፈታሁት፤ ያኛው ብቻውን ጥሩ አድርጎ ተናገረ። መልሼ አሰርኩት፤ እንደገና ከሳ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ተናደድኩ።

«በቃ፣ አንዱ ይበቃናል» አልኩ።

«ተይ እስቲ። እንደገና እሰሪው» አሉ።

አሰርኩት። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና በሁለቱ ሳጥኖች ትክክል ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበሉ።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ተጣልተው ነው።»

«ማን ከማን?»

«ቀኙ ከግራው። ማሕሌት ላይ በሁለት ረድፍ ተፋጥጠን አይደል የምንቆመው? ቀኞቹ ሲያነሡ ግራዎቹ አብረው ካላነሡ፣ እንዲያውም እነሱ ሲያነሡ እነዚህ ከጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሞልቶ ድምፅ የለም። ይኼም እንደሱ ነው። ለመሆኑ ስንት ሽቦ ነው የሚሄድለት?»

«ሁለት።»

«አገላብጪዋ።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ግድ የለውም። በስልክ...»

«ይኼ ስልክ ነው?»

አጥፍቼ የቀላሉን ሳጥን ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኳቸው። አበራሁና ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቅን። የመጣው ድምፅ ከግራም ከቀኝም አልነበረም። ሰውየው በሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሞ ነበር የሚናገረው። ከሆዱ ነው የሚናገረው። ሳላስበው ዞሬ ቦታውን አየሁት።

አባቴ መቋሚያቸውን ወደዚያው ባዶ ቦታ ዘረጉ። «መጣ» አሉ።

በማግስቱ ለቴክኒሻኑ ስነግረው ነገሩን አስረዳኝ፤ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ድምፅ የሚያወጣ ወረቀት አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ስለዚህ አንዱ የሠራውን አንዱ ያፈርሰዋል። «እኔ ብሆን ቫልቭ ስለውጥ እከርም ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አባቴ ሳጥኖቹን ሲያስነሡኝና ሲያስቀምጡኝ ሰነበቱ። ማዕዘኑ ውስጥ የገባውን «ጋን ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራ» ብለው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አስወጡት። መሬት ላይ መቀመጣቸውን አልወደዱም፤ ድምፁ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ እንዲደርስ በሳሙና ሳጥን ላይ አወጣኋቸው። ከሁለቱም ሳጥኖች ሦስት ሦስት መቋሚያ ለክተው የወንበራቸውን ቦታ ወሰኑ፤ ወንበሩ በመጥረግ ሰበብ ትንሽ ከተነቃነቀ ሲቀመጡ ያውቁታል። የቀረው የቤቱ ማስተጋባት ነበር። አንኮበር ያለው ቤታችን ሣር ክዳን ስለሆነ ድምፅ ይጠጣል፤ ይኼ ቆርቆሮና ጭቃ ግን የተነገረውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። ከወንበራቸው ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ነገር ይሰቀል አሉ። ወፍራም ነገር የለኝም ስላቸው ትከሻቸው ላይ ያለውን ባና አውልቀው ሰጡኝ።

«ይኼንን? በዚህ ውርጭ?»

«ጋቢ አለኝ። ስቀይው።»

ሰቀልኩት። ልክ ነበሩ፤ ቤቱ ረጋ።

አሁን ማታ ስገባ ስለ ንፋሱ አይጠይቁኝም። የቀኑን ዜና እሳቸው ይነግሩኛል። የዜና አንባቢዎቹን በድምፃቸው ለይተው አወቋቸው፤ አንዱ ምሳውን ሳይበላ ነው የሚያነበው፣ አንዱ ወንበሩ አልተመቸውም ይላሉ። ጎረቤቴም ምሳ ስታቀርብ መቀመጥ ጀመረች። «ሰውየው ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ነው የምገባው» አለችኝ።

ሦስተኛው እሑድ ይመስለኛል፤ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ በልተን እኔ ሳህኖቹን አነሣለሁ፣ አባቴ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ራዲዮው የበዓል ዜማ ያሰማል። አባቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያሉ ይነካሉ። በራዲዮው የሚያዜሙት እየገፉ፣ እየገፉ ሄዱና ገና ሳይጨርሱ ድምፁ ተቆረጠ፤ ሰዓቱ አልቆ ነው መሰለኝ ሌላ ፕሮግራም ገባ። እኔ ሳህን እያጠብኩ የቀረውን በአፌ ጨረስኩት። ማድረጌን ያወቅኩት የአባቴ መቋሚያ መቆሙን ስሰማ ነው።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ራዲዮውን ዝጊው።»

ዘጋሁት። እጄ እንደ ረጠበ ቆምኩ።

«ከየት ተማርሽው?»

ቤተ ክርስቲያን ስሰማ ነው ብል ያልፍ ነበር። እንዲያ ማለት አልፈለግኩም።

«ጉባኤ ቤቱ ግድግዳ ሥር አልነበር የጎመኑ መደብ? ስኮተኩት እሰማ ነበር።»

«ስንት ዓመት?»

«ትምህርት ቤት ብዬ ከቤት እስክወጣ ድረስ።»

«ምን ያህል ይዘሻል?»

«እንጃ። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

አባቴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለሴት ልጅ ዜማ ማን ያስተምራል? እሳቸውም ለአንድ ቀን አስበውት አያውቁም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። ሃያ የሰው ልጅ ዙሪያቸውን ሰብስበው ሲያስተምሩ የገዛ ልጃቸው ከግድግዳው ወዲያ እንደነበረች ያን ዕለት ነው የሰሙት። እኔም ቢሆን ቂም የያዝኩ አይመስለኝም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደያዝኩ አወቅኩ።

«ሁለተኛው ማንሻ ላይ ስተሻል» አሉ በመጨረሻ። «ግድግዳው ነው ያሳሳተሽ። ረጅሙን ያሳጥራል። ነይ ተቀመጪ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ራዲዮው ሲያበቃ ትምህርት ሆነ። ድጓውን ከማኅደሩ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ምልክቶቹን እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ያዜሙታል፣ እኔ እደግማለሁ። «ለደብር አይደለም፤ ለቤት ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን ራሳቸውን፣ አላውቅም። ሳጥኖቹን ሊሰሙ የሚመጡ ካህናት ነበሩ። እነሱ ባሉበት ግን ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በክረምቱ አንዱ ቫልቭ ሞተ። ቴክኒሻኑ አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ ዘንድ ቢልክም የተገኘው ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ራዲዮም ቢኖር አይሰማም ነበርና ብዙም አልጎዳን። በእነዚያ ወራት ነው አብዛኛውን የተማርኩት። እሑድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየማታው ሆነ። ቫልቩ መጥቶ ሳጥኖቹ ሲናገሩም ትምህርቱ አልቆመም።

በሁለተኛው ዓመት አንኮበር ጉባኤ ቤቱን የተረከቡት ተማሪያቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ራሳቸውም ጢማቸውም ሸብቷል። አባቴ ገና ሰላምታው ሳያልቅ እጃቸውን ይዘው በወንበራቸው አስቀመጧቸውና «እስቲ ስማ» ብለው ሳጥኖቹን አስከፈቱኝ። ሰውየው ጥቂት አዳመጡ፣ ተደነቁ፣ ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ አነሡ። ተማሪዎቹ በአንድ የጾም ዜማ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ከመካከሉ ያለችውን አንዲት ሐረግ እኩሌቶቹ ወደ ላይ ያነሧታል፣ እኩሌቶቹ ይጥሏታል። «የኔታ እንዴት ነበር ያስተማሩን?»

አባቴ ጀመሩ። ሐረጓ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ከመጀመሪያው መልሰው ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜ አልጀመሩም። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እኔ አውቅ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አንነጋገርበትም ነበር እንጂ።

ተማሪያቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«በይ አንቺ» አሉኝ አባቴ።

«እኔ?»

«የምታውቂውን በይ።»

እንግዳው ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ግን አልኩት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሐረጓን አንሥቼ፣ እስከ መጨረሻው። ልጅ ሳለሁ ከጎመኑ መሃል ሆኜ ስሰማት እንደዚያ ነበረች።

እንግዳው ወደ አባቴ ዞረው ጠየቁ፦ «እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው» አሉ አባቴ። «ጻፈው።»

ጻፉት። ማን ነገረህ ቢሏቸው ምን እንደሚሉ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በማግስቱ ጠዋት እስከ መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ ዞር አሉና ሌላ ሁለት ቦታ የሚያጠራጥራቸው እንዳለ፣ ለፋሲካ እንደሚመጡ ነገሩኝ። «የኔታን ሰላም በይልኝ» ሳይሆን «አጥኚና ጠብቂኝ» ነበር ያሉኝ። መጡም። አባቴ እስካረፉበት ዓመት ድረስ በየፋሲካው መጥተዋል።